ጉማራ ላይ ያገኘሁት ውሃ

ቄሱ ከሾላው ሥር ቆመው ነበር። ጥቁር ጃንጥላቸውን አጥፈው እንደ መቋሚያ ተደግፈውታል፤ እግራቸው ላይ የጭቃ ቦቲ አድርገዋል። ባለማሳው ከነወንድሙ ከወንዙ ማዶ፣ ደለሉ ላይ ነበር። እሱ ቆሟል፤ ወንድሙ የብርብራው ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከወንዛዬ ፍል ውሃ ወጥተው የመጡ አንዲት ሴትዮ ከእኔ በላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። የልጄ ባል ዳገቱ አፋፍ ላይ፣ ከተከራየነው ባጃጅ አጠገብ ነበር። ሹፌሩ ባጃጁ ውስጥ ተኝቷል። እኔ ውሃው ውስጥ ነበርሁ፤ እስከ ጉልበቴ።

በቀጠሮ የተገናኘ ሰው አልነበረም። ባለማሳውና ወንድሙ ብርብራ ሊጥሉ መጡ። እኔ ቀድሜያቸው ገብቼ ነበር፤ ይውጡ ሲሉኝ አልወጣም አልሁ።

ብርብራ የዛፍ ፍሬ ነው። ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል፣ ዱቄቱን ከውሃው ራስ ላይ ይበትኑታል። ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው መልቀም ነው። ትልቁም ትንሹም ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ግን ትልቁ ብቻ ነው። ትንሹ ዳር ዳሩን እንደ ፈሰሰ ሩዝ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያን ቀን እዚያ ውሃ ላይ ብርብራ ከተጣለ ለእኔ የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ሌላ ውሃ ደግሞ አላገኘሁም። ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም።

ወደ ደብረ ታቦር የመጣሁት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው። ልጄ እዚያ ነርስ ናት፤ ባሏ መምህር ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ባሌ ክፍለ ሀገር፣ ጎባ ነበር። ባለቤቴ በዱር አራዊት ጥበቃ ይሠራ ነበር፤ እኔ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት። በባሌ ተራራ ወንዞች ትራውት የሚባል ዓሣ አለ። ከውጭ አገር መጥቶ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛና የጠራ ውሃ ይወዳል። ባለቤቴ የሚያጠምደው አንድ ፈረንጅ ትቶለት በሄደው ዘንግ ነበር። በዚያ ዘንግ ትል አይሰካም። መንጠቆው ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ዝንብ እንዲመስል ይደረጋል። ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ነው፤ ክሩን ወደ ኋላ ወርውሮ፣ እስኪዘረጋ ጠብቆ፣ ወደ ፊት መልሶ ዝንቡን ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ማሳረፍ። ዋናው ነገር መጠበቁ ነው። ባለቤቴ አይጠብቅም ነበር፤ ክሩ ከኋላው ቁጥቋጦ ላይ ይያዝበታል። እኔ እየሄድሁ ክር ስፈታለት ስፈታለት ለመድሁት፤ ኋላ ላይ ዘንጉ የእኔ ሆነ። የመሥሪያ ቤት ሴቶች ይስቁብኝ ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ዓሣ ስጪን ብለው ሰው ይልኩብኝ ነበር።

ደብረ ታቦር ቤቱ መልካም ነው። ልጄ ሥራ አታስነካኝም። ጧት ቁርስ ይቀርባል፤ ቴሌቪዥን ይከፈትልኛል። እኔ ግን መቀመጥ አልሆነልኝም። ከበሩ እስከ አጥሩ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ከአጥሩ ስደርስ ምን ፍለጋ እንደመጣሁ ይጠፋኛል፤ ቢሆንም እመለሳለሁ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ እንጂ» ትለኛለች ልጄ። «ቤቱ ጠበበሽ?»

«አልጠበበኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እዚህ አገር ውሃው የት ነው?»

«ቧንቧው ነገ ነው ተራችን።»

«የወንዝ» አልኋት።

ከጎባ ያመጣሁት ዕቃ ውስጥ ዘንጉ እንደነበረ ያን ጊዜ ትዝ ሳይላት አልቀረም። ማታ ለባሏ ነገረችው። እሱም ካርታ ከስልኩ ላይ አውጥቶ ሰማያዊ መስመሮቹን አሳየኝ። ብዙ ናቸው። ግማሾቹ ከጉና ተራራ ይነሳሉ።

በመጀመሪያ የሄድነው ወደዚያው ወደ ጉና ነበር። በሚኒባስ እስከ ክምር ድንጋይ፣ ከዚያ በእግር። ገብስና ድንች መካከል የሚወርደው ውሃ ልክ የባሌን ወንዞች ይመስላል፤ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ከድንጋይ ድንጋይ የሚዘል። ዘንጉን ስቀጥል እጄ ቸኮለብኝ። ረፋዱን ሙሉ ወረወርሁ። ድንች የሚኮተኩት ሰው ሥራውን ትቶ ሲያየኝ ቆይቶ ጠጋ አለ።

«እሜቴ፣ ምኑን ነው የሚገርፉት?»

«ዓሣ ነው የምፈልገው።»

«ዓሣ? እዚህ?»

«የለም እንዴ?»

«እንቁራሪት አለ» አለ። «እሱም ቢሆን በክረምት ነው።»

ድንጋይ እየገለበጥሁ አየሁ። ከሥሩ የሚርመሰመስ ትናንሽ ነፍሳት ሞልቷል። ዓሣ የሚበላው ሁሉ አለ፤ የሚበላው ዓሣ ነው የሌለው። ሰውየው እውነቱን እንደነገረኝ ገባኝ። ሆኖም በሳምንቱ ሌላ ጅረት አሰኘኝ፤ በማግሥቱም ሌላ። የልጄ ባል አንዳንዴ ክፍል ስላለው ይቀራል፤ ያን ጊዜ ብቻዬን ነኝ። መንገድ ተዘግቷል ሲባል ቤት እውላለሁ፤ ተከፍቷል ሲባል ነጠላዬን አነሳለሁ። በእብናት በኩል ወርጄ ያየሁት ወንዝ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ነበር፤ ሴቶች መሐሉን ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ። ርብ ወንዝ ላይ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች ውሃውን አደፍርሰውት ዝንቡ የት እንዳረፈ ለራሴም አልታይ አለኝ።

ወረታ ላይ ምሳ ልበላ ስገባ ዓሣ የምትጠብስ ሴት አገኘሁ። ዓሣው ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት።

«ከሐይቁ ነዋ፣ እሜቴ። ከየት ይመጣል?»

«ወንዙ ውስጥስ የለም?»

«በክረምት አለ። ዝናብ ሲገባ ከሐይቁ ወደ ወንዙ ይወጣል፤ እላይ ይወልድና ውሃው ሲጎድል ይመለሳል። ዘመድ ጥየቃ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ እህል ሲያልቅበት ወደ ቤቱ።» ከዘይቱ አንድ አውጥታ ሰጠችኝ። «ነጭ ዓሣ ነው። እሾኹን እያዩ።»

እስከዚያ ቀን የፈለግሁት የትራውትን ቤት ነበር። ይህኛው ዓሣ የሚመጣው ውሃው ቡና ሲመስል ነው፤ በደፈረሰ ውሃ ደግሞ ላባ አይታየውም። ውሃው ሲጠራ ዓሣው ሄዷል። በሁለቱ መካከል፣ ዝናቡ ቆሞ ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ አጭር ጊዜ መኖር አለበት። እሱን መጠበቅ ነበረብኝ። ዘንግ ይዤ መጠበቅ አውቃለሁ፤ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቁ ግን ሌላ ነው።

ክረምቱ እንደዚያ አለፈ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን እያዳመጥሁ አውራ ዶሮ ሲታረድ ከአንገቱ ላይ ላባ እየነቀልሁ ዝንብ ጠመጠምሁ። ልጄ ከሆስፒታል ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ ላባ ተበትኖ ታገኛለች። ትጠርገዋለች። እኔ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እወጣና ከቤታችን በታች ያለውን ፈፋ አያለሁ። እሱ ሲጠራ ሌላውም ይጠራል ብዬ ነው።

መስቀል እንዳለፈ ልጄን ጉልበቴን በፍል ውሃ ልታጠብ እፈልጋለሁ አልኋት። ደስ አላት። ወንዛዬ ለጉልበት ጥሩ እንደሆነ፣ በሆስፒታሉ ያልዳኑት ሁሉ እዚያ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ዘንጉን ነጣጥዬ በጋቢ ጠቀለልሁት። እውነቱን ለመናገር ፍል ውሃው ውስጥም ገብቻለሁ፤ ብዙ አልቆየሁም። ከዚያ በጉማራ ዳር ዳሩን ወደ ታች ወረድሁ።

ወንዙ ከመታጠቢያው በታች ይታጠፍና ሾላው ሥር ሲደርስ ይሰፋል። የአካባቢው ሰው ባሕሩ ይለዋል። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ ያልጠራ፣ ግን ያልደፈረሰ። ማዶ፣ የሾላው ጥላ በደረሰበት፣ አንድ ክብ ሞገድ ታየኝ። ከዚያ ሌላ። ከላይ የወደቀ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ሾላውን ቀና ብዬ አየሁት። ቅጠሉ አይንቀሳቀስም።

እጄ አልፈጠነም። ክሩ ከኋላዬ እስኪዘረጋ ጠበቅሁ። ዝንቡ ከጥላው ጠርዝ አረፈ፤ ትንሽ ሄደ፤ ሰመጠ። ነጭ ዓሣ ነበር፤ ክንድ የሚያህል። ትራውት ይዘላል፤ ይህኛው ወደ ታች ነው የሚጎትተው፤ እልኸኛ ነው። እግሬ ሥር ካመጣሁት በኋላ መንጠቆውን አውጥቼ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሬ ያዝሁት። እስኪበረታ ቆየና ሄደ።

ቤት ስገባ ልጄ፣ «ጉልበትሽ ተሻለሽ?» አለችኝ።

«ተሽሎኛል» አልኋት።

በዚያ ሳምንት ወደ አጥሩ አልተመላለስሁም።

ለሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የልጄ ባል አብሮኝ መጣ። ማየት ፈልጎ ነበር። ጧት ደርሰን፣ እኔ ሁለት ዓሣ ይዤ ለቅቄ፣ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ባለማሳውና ወንድሙ ጆንያውን ተሸክመው በማዶ መጡ። ባለማሳው ነጭ ለብሼ ውሃ ውስጥ መቆሜን አይቶ መነኩሲት መሰልሁት።

«እማሆይ፣ ጸበሉኮ ከላይ ነው» አለኝ።

«እማሆይ አይደለሁም።»

«ታዲያ እዚያ ምን ሆነው ቆሙ?»

«ዓሣ አጠምዳለሁ።»

ወንድሙ ጆንያውን አስቀመጠ። «በምን?»

«በላባ።»

«እሷ በላባ፣ እኛ በዱቄት» አለ ወንድሙ። «አንድ በርበሬ የሚያመጣ ሰው ብቻ ነው የጎደለን።»

ባለማሳው አልሳቀም። «ይውጡልን፣ እሜቴ። ልንጥል ነው።»

«አልወጣም።»

«ጽጌ ጾም ገብቷል፤ ሐሙሲት ገበያ ዓሣ ይፈለጋል። ዛሬ ካልጣልን ነገ ውሃው ይጎድላል።»

«እኔ እያለሁ አትጥሉም።»

በእናታቸው ዕድሜ ያለች ሴት የቆመችበት ውሃ ላይ ብርብራ መበተን አልቻሉም፤ መጥተው ጎትተው ማውጣትም አልቻሉም። ይህን አውቅ ነበር። በዚህ መካከል ነው ቄሱ በእኛ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ሲያልፉ የታዩት። ባለማሳው ጮኾ ጠራቸው።

«አባ፣ እግዜር ነው ያመጣዎ። እኚህን እናት ያውጡልን። በእኛ አፍ እምቢ ብለዋል።»

ቄሱ ወርደው ከሾላው ሥር ቆሙ። «ክርስትና ይዣለሁ፤ ሕፃኑ እየጠበቀኝ ነው። ቶሎ ንገሩኝ።»

ነገሯቸው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ነው የነገሯቸው። ሲጨርሱ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ሴትዮ ሳይጠየቁ ገቡበት።

«ይቺ እህቴ ትይዘውና መልሳ ትለቀዋለች፣ አባ። ከጧት ጀምሮ እያየኋት ነው። የኔታ ተማሪውን ጆሮውን ቆንጥጠው እንደሚለቁት ነው የምታደርገው።»

«የሚለቁት ለምንድን ነው?» አሉኝ ቄሱ። «ለነፍሱ አዝነው ነው?»

«አይደለም፣ አባ። ሌላ ቀን እንዳገኘው ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱ ያልጠበቁት ይመስላል።

«ይስሙኝ» አለ ባለማሳው። «ይህ ወንዝ ዘንድሮ ማሳዬን ከዳር በልቶታል። ይቺ የቆምሁባት ደለል ጤፍ ነበረች። ከእኔ ወስዶ የሰጠኝ ነገር ቢኖር ይህ ዓሣ ነው። ብተወው በሳምንት ውስጥ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ እዚያ መረብ ይጠብቀዋል። ደጄ ድረስ የመጣውን ሲሳይ ለሐይቅ ሰው ልሸኝለት?»

ሐሰት አልተናገረም። ደለሉን አየሁት፤ የጤፍ አገዳ ከጭቃው ወጥቶ ይታያል።

«ትንሹስ?» አልሁት። «ብርብራው ገና የተወለደውንም ይፈጀዋል። ዘንድሮ ስትለቅም የከርሞውንም አብረህ ነው የምትጨርሰው።»

«ለከርሞማ ማን ያውቃል» አለ ወንድሙ። «እኛስ ለከርሞ አለን?»

«አንተ ዝም በል» አለው ባለማሳው።

ቄሱ ውሃውን እያዩ ነበር። «ይህ ጥምቀተ ባሕር ነው» አሉ። «ወንዙ ዳሩን ሳይንደው በፊት ታቦቱ የሚወርደው እዚህ ነበር። እኔ ዲያቆን ሆኜ እዚሁ ሾላ ሥር ቆሜያለሁ። አባታችሁ እዚህ ብርብራ አይጥልም ነበር።»

«በአባታችን ጊዜ ተገዝቶ ነበራ» አለ ባለማሳው። «ታቦቱ ወደ ላይ ከተዛወረ ወዲህ ማን ገዘተ?»

«እኔ ብገዝትስ?»

ግዝት ቀላል ነገር አይደለም። ቄስ በሥልጣነ ክህነቱ የከለከለውን የጣሰ ሰው ንስሐ ሳይገባ ቢሞት ፍትሐት የለውም ይባላል። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ክሬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር፤ ላርፍና እንደገና ልወረውር።

«ይግዘቱ» አለ ባለማሳው በመጨረሻ። «እቀበላለሁ። ግን ለሁሉም ነው። ብርብራም፣ መረብም፣ ላባም። እኔ ከማሳዬ ሥር ካለው ውሃ ታግጄ ከከተማ የመጣ ሰው ቢያጠምድበት፣ የተገዘትሁት እኔ ነኝ እንጂ ውሃው አይደለም።»

«ላባው አንድ አንድ ነው የሚይዘው» አልሁ።

«እኔም በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምጥለው።»

ድንጋዩ ላይ ያሉት ሴትዮ ሳቁ። «እህቴ፣ አሁን አንቺ ራስሽ መንጠቆ ላይ ነሽ» አሉኝ።

ቄሱ ጃንጥላውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እውነት አለው። ግዝት ሰው አይመርጥም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቱ ካልተቀበሉት አልገዝትም፣ እናቴ። የማይጠበቅ ግዝት ከማውጣት ዝም ማለት ይሻላል። እንግዲህ እርስዎ ይበሉ።»

የልጄ ባል ከአፋፉ ላይ፣ «እማማ፣ ይውጡ ግድ የለም፤ ሌላ ውሃ እንፈልጋለን» አለኝ። ሌላ እንደሌለ እሱም ያውቃል፤ አብረን ነው የፈለግነው።

ውሃው ቀዝቅዞኝ ነበር፤ እግሬ ሥር ያለው አሸዋ ይሸሻል፤ እየደጋገምሁ ቦታ እቀይራለሁ። እምቢ ብል እስከ ማታ እቆማለሁ። ነገ ግን ደብረ ታቦር ነኝ፤ እነሱ እዚሁ ናቸው። እሺ ብል ዓሣው ሳይነካ ይወርዳል፣ በክረምት ይመለሳል፣ እኔ ግን አላገኘውም። እንዲህ እያሰብሁ ማዶ፣ ጥላው ውስጥ፣ ትልቅ ክብ ሞገድ ወጣና እየሰፋ ወደ ባለማሳው እግር ሄደ። ሁላችንም አየነው።

«ይገዘት» አልሁ።

ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ባለማሳው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ወንድሙም ከጆንያው ላይ ተነሳ። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው በሥልጣነ ክህነታቸው ገዘቱ፤ ከሾላው ባሕሩ እስከሚያበቃበት ድንጋይ፣ ዓሣውን በብርብራ፣ በመረብ፣ በመንጠቆ፣ በማናቸውም ነገር ማንም እንዳይነካ።

«እግር መታጠብስ፣ አባ?» አሉ ሴትዮዋ።

«እግር አልገዘትሁም።» ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ክርስትናቸው ሄዱ።

ባለማሳውና ወንድሙ ጆንያውን ተጋግዘው አነሱ። ወንድሙ ወደ ታች፣ ከግዝቱ ውጪ ወዳለው ውሃ አየ፤ ባለማሳው ክርኑን ይዞ በማሳው በኩል መራው።

ክሩን ጠቀለልሁ። ዝንቡን ከጫፉ ቆርጬ ላባውን በጣቶቼ ጨምቄ አደረቅሁት። ዘንጉን ነጣጥዬ በጋቢው ጠቀለልሁና ጫማዬን በእጄ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። የልጄ ባል እንዲደግፈኝ እጁን ዘረጋ፤ ዘንጉን ሰጠሁት። ሹፌሩን ሊቀሰቅስ ወደ ባጃጁ ጎንበስ ሲል እኔ አልጠበቅሁም፤ በመጣንበት በሐሙሲት መንገድ በእግሬ ቀደምኋቸው።